ያልተጠራንበት ቀን

ባለፈው ወር ልጄ ህይወት መኪና ልትገዛ ስትሄድ እኔንም አጎቷንም ይዛን ሄደች። ከአየር ጤና ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ድሮ ጋራዥ ብቻ በነበረበት መንገድ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ መሸጫ ተከፍቷል። ሻጩ ጺሙን በምላጭ መስመር ያስያዘ ቀጭን ልጅ ነው። የአንዷን ነጭ መኪና በር ከፈተና "ማዘር፣ ገባ ብለው ይዩአት" አለኝ። ገባሁ። የመቀመጫው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። በሩን ሲዘጋው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ማንም ያልተቀመጠበት፣ ማንም ያልነካው የአዲስ ነገር ሽታ። ይህን ሽታ ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ያሸተትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ከጎኔ መሪውን ይዞ የተቀመጠው ባለቤቴ መንገሻ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አሁን የለም። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ እንባዬ መጣ። ልጁ የሞቀኝ መስሎት ማቀዝቀዣ ልክፈትልዎ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

መንገሻ የታክሲ ሹፌር ነበር። ያኔ ታክሲ ማለት ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ናት። ሒሳቡም ስሙኒ ነበር። ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። በስሙኒ ከኮልፌ መርካቶ ተጭኖ መሄድ ክብር ነበር፤ ሰው እግሩን አጥቦ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነው የሚገባው። መንገሻ ከጉልበቱ በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻው ላይ የሚደርስ ሸሚዝ ይለብሳል። ጎፈሬው የመኪናዋን ጣራ ይነካ ስለነበር አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጎ መንዳት ለምዶ፣ ኋላ ጸጉሩ ሲመለጥም አንገቱ ሳይቃና ቀረ። በሬዲዮ የሰማውን ዘፈን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፤ ግጥሙን ግን በትክክል ይዞት አያውቅም፤ የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም የወደድኩት እንደዚሁ እየሳቅሁ ነው፤ ከእናቴ ጋር ገበያ ደርሰን ስንመለስ።

መኪናዋ ግን የሱ አልነበረችም። ባለንብረቱ አብነት አካባቢ ግቢ ነበረው፤ ማታ ማታ መንገሻ መኪናዋን እዚያ ያስገባና ገቢውን አስረክቦ ወደ ቤቱ በእግሩ ይመጣል። ሰውን በመኪና ሲያደርስ የዋለ ሹፌር በጭቃ እየተንቦጫረቀ ቤቱ ሲገባ ማየት ያናድደኝ ነበር። ኮልፌ ያኔ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬ ፎቁና ባንኩ የተደረደረበት ሁሉ አጠናና ጭራሮ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጫማን ከነእግር ይውጣል። ስለዚህ የመንገሻ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ግቢያችን የምታድር መኪና። አሮጌ አልፈልግም ይላል። የሌላ ሰው ጥፋት ስጠግን ዕድሜዬን ጨረስኩ፣ ሰው ያልነዳት አንዲት መኪና ልንዳ ነው የሚለው። ቁጠባችን ገና ምንም ሳይደርስ አጥሩን አፍርሶ የግቢውን በር አሰፋው። ጎረቤቱ ሁሉ ባቡር ልታስገባ ነው ወይ እያለ ሲያሾፍበት ከረመ። እሱ ምን ተዳው፤ በሩን አረንጓዴ ቀባው።

ከዚያ እቁብ ወጣልን። በእናቴ ወገን ያሉ ነጋዴዎች የሚጥሉት ትልቅ እቁብ ነበር፤ ከቁጠባችን ጋር ሲደመር አንዲት አዲስ መኪና ሊገዛ የሚችል ሆነ። መንገሻ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ለገሃር አካባቢ አንድ ባለ መስታወት የመኪና መሸጫ ነበር፤ ሰው ሲያወርድ ሲጭን በመስታወቱ አሻግሮ የሚያያት አንዲት ክሬም መልክ ያላት መኪና ነበረችው። "ነበረችው" ማለቴ እሱ እንደዚያ ስለሚያወራ ነው፤ "የኔዋ ዛሬ አቧራ ጠጥታለች፣ አልወለወሏትም" ይለኛል ማታ ራት ላይ።

እኛ ቤት ግን ማንም ሰው ያለ ወንድሜ ያለ ዘርጋ ምንም አይገዛም። ዘርጋ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አጠና ተራ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጥ ነበር። ለክርክር የተፈጠረ ሰው ነው። ሰዎች አልጋ ሲገዙ፣ ለሙሽራ ወርቅ ሲገዙ፣ ለተዝካር በግ ሲያስገዙ ሱቁን አስዘግተው ይወስዱት ነበር። የሱ ሕግ የታወቀ ነው፤ ገዢው ራሱ አፉን ይዘጋል፣ ዓይኑንም ከዕቃው ላይ ያነሳል፤ ዘርጋ ዕቃውን ያጣጥላል፤ ሻጩ ከተወሰነ ቦታ ወዲያ አልወርድም ሲል ደግሞ ዘርጋ ይነሳና ጥሎ ይሄዳል። ይህን የመርካቶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥሎ ሲሄድ ሻጩ ይጠራል። "ና በል፣ ና እሺ፣ ውሰደው" ይላል። ጥሎ መሄድ ማለት መሄድ አይደለም፤ ጥራኝ ማለት ነው። ዘርጋ ከአሥራ ምናምን ዓመቱ ጀምሮ ሳይጠራ የቀረበት ቀን አልነበረም።

የሄድን ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔ ነጠላዬን አጥቤ፣ መንገሻ ለሠርጋችን ያሰፋትን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ዘርጋ ደግሞ ሆን ብሎ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ አድርጎ ሄድን፤ ገንዘብ ያለው ሰው መምሰል ዋጋ ያስጨምራል ባይ ነው። ሻጩ ከረባት ያሰረ፣ ንግግሩ ለስለስ ያለ ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠን፤ ለስላሳ አስመጣልን። መንገሻ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ፈቀደለት፤ እኔም ከጎኑ ገባሁ። ያን ሽታ ያሸተትኩት ያኔ ነው። መንገሻ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሲዘፍን የሚውል ሰው ማንጎራጎሩን ረሳ። መዳፉ ላብ ስላወጣ መሪው ላይ የቀረውን እርጥበት በኮቱ እጅጌ ሲጠርግ አየሁት።

ዘርጋ ሥራውን ጀመረ። ቀለሟ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል አለ። ጎማዋ ቀጭን ነው፣ የኮልፌን ጭቃ አታልፍም አለ። በሯን ከፍቶ ዘጋና ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ እኔ ደግሞ ቆርቆሮ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ አለ። ሻጩ በትሕትና ፈገግ እያለ ትንሽ ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትንሽ ቀነሰ። መንገሻ ግን ሕጉን ማክበር አቃተው። ዘርጋ በሰደባት ቁጥር መኪናዋን በእጁ ቀስ ብሎ ይዳብሳታል፤ ሰምታ እንዳታዝን ይመስል። ዘርጋ በዓይኑ ገላመጠው። በመጨረሻ በሁለቱ ዋጋ መካከል ሁለት መቶ ብር ቀረ። ሻጩ ከዚህ በታች ሥልጣን የለኝም አለ። ዘርጋም ብድግ አለና ሹራቡን አራግፎ እንሂድ አለን።

እኔ በልቤ አሁን ይጠራናል እያልኩ ተነሳሁ። ሰውየው ግን የመርካቶ ሰው አይደለም። አብሮን ተነሳ፤ ሦስታችንንም ጨበጠን፤ በሩን ራሱ ከፈተልንና ሲመቻችሁ ብቅ በሉ፣ ደስ ይለናል ብሎ በክብር ሸኘን። ከልባችን ጥለን የሄድን መስሎታል። ዘርጋ ውጭ እንደ ወጣን ዝቅ ባለ ድምፅ "ቀስ በሉ፣ እንዳትዞሩ" አለን። ቀስ አልን። ዘርጋ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክሩን ፈትቶ አሰረ። ፌርማታው ላይ ደርሰን ታክሲ መጣ፤ አሳለፍነው። ሌላ መጣ፤ እሱንም አሳለፍነው። ሹፌሮቹ መንገሻን ስለሚያውቁት ጥሩንባ እየነፉ ግባ ይሉታል፤ እሱ እጁን ያውለበልብላቸዋል። በመጨረሻ መንገሻ አላስቻለውም፤ ዞረ። እኔም አብሬው ዞርኩ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

መንገሻ ተመልሶ ሁለት መቶውን ልጨምርና ልጨርስ አለ። ዘርጋ ክንዱን ያዘው። አሁን ብትመለስ መፈለግህን አውቆ አምስት መቶ ይጨምርብሃል፣ አንድ ሳምንት ታገሥ፣ እነሱም መሸጥ አለባቸው፣ ይጠሩናል አለው። ስልክ እንኳ የለንም፤ በየት በኩል እንደሚጠሩን ያኔ ማናችንም አልጠየቅንም። መንገሻ እኔን አየኝና "ወንድምሽ ያውቃል" ብሎ ታክሲ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሰሞን አገሩ ተናወጠ። ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔ ፖለቲካ አልወድም፤ እኔ የማውቀው ያ መሸጫ መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ዘጋ መባሉን፣ ከዚያ መስታወቱ ከውስጥ በጋዜጣ መለጠፉን፣ ከዚያም ለኛ ቢጤ ሰው አዲስ መኪና የሚባል ነገር መቅረቱን ነው። ክሬሟ መኪና የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም። ገንዘባችን ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ በክፉ ቀን ዱቄት ሆነ፣ መድኃኒት ሆነ፣ ለመንገሻ ታናሽ ወንድም ከእስር ማስፈቻ ሆነ። መንገሻ አብነት መኪና እያስገባ በእግሩ መምጣቱን ቀጠለ። ያ ሰፊ አረንጓዴ በር የተከፈተው ለአሸዋና ለሬሳ ሳጥን ብቻ ነው፤ አባቴን በዚያ በር አወጣነው።

መንገሻ ዘርጋን አልሰደበውም። ቢሰድበው ይሻል ነበር። ዘርጋ ሲመጣ በጓሮ በኩል ይወጣል፤ ክረምቱን ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጡም። አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ውስጥ በስብሶ ገብቶ ልብሱን ሳይቀይር ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "ሁለት መቶ ብር፣ አስካለ" አለኝ። እኔም ፎጣ አመጣሁለት። ዘርጋ በበኩሉ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። ክርክር ተወ። ሽንኩርት ሲገዛ የተጠየቀውን ከፍሎ ይሄዳል፤ የገበያው ሴቶች ዘርጋን ምን ነካው፣ ጸበል ውሰዱት እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ሰዎች ለክርክር ሲጠሩት ሱቅ የሚጠብቅልኝ የለም ይላል። በወንድሜና በባሌ መሃል ቆሜ ያን ክረምት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

መስቀል ደረሰ። እኛ ወገን መስቀል ቀልድ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ተቆጥቦ በሬ ይገዛል። የዋዜማው ሰሞን እኔ እናቴ ዘንድ ቅቤ ለማንጠር ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ወይፈን ታስሮ፣ መንገሻና ዘርጋ አጠገቡ ቆመው እየተከራከሩ አገኘኋቸው። ነገሩን በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ነገሩኝ። መንገሻ ድንገት ዘርጋ ሱቅ በር ላይ ቆሞ "በሬ ልገዛ ነው፣ ና" ይለዋል። ዘርጋ ተከትሎት ይሄዳል፤ ገበያው ላይ ግን አፉ አልከፈት ይለዋል። መንገሻ ራሱ ክርክር ይጀምራል። ክርክር ማለት እንግዲህ ባለበሬው ዋጋ ሲጠራ መንገሻ እውነትህን ነው፣ ደግሞ እንዴት ያለ ቆንጆ በሬ ነው፣ ዓይኑ ሲያምር ይላል። ባለበሬው ዋጋ ጨመረ። ዘርጋ ይህን መስማት ስላልቻለ መሃል ገብቶ መንገሻን ገፋ አድርጎ የበሬውን ሻኛ ይሰድብ ጀመር። ጥለው ሄዱ፤ ባለበሬው ጠራቸው። ያን መስቀል ሁለቱ ከአንድ ሳህን ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። መንገሻ ዓይኑ እስኪደክም የሰው መኪና ነዳ፤ በመጨረሻ ሲታመምም ያስታመመው ዘርጋ ነው፤ እኔ ሲደክመኝ አንስቶ የሚያገላብጠው እሱ ነበር። በየመስቀሉ ዘርጋ ጠላውን ይዞ "እኛን ያስታረቀችን አስካለ ናት፣ ዕድሜ ይስጣት" ይላል፤ መንገሻ ከሞተም ወዲህ ይህችን ሳይል አይጠጣም። እኔ እህት ማክበሩ፣ የድግስ ወጉ ነው ብዬ አሜን እላለሁ።

ህይወት መኪና ልገዛ ነው ስትለን ዘርጋ እምቢ ብሎ ነበር። አርጅቻለሁ፣ የዛሬ ዋጋ ሚሊዮን ነው፣ ምላሴ ሚሊዮን አይችልም አላት። እሷ ደግሞ ጋሼ ዘርጋ ካልመጡ አልገዛም ብላ ድርቅ አለች። አባቷ ለሷም ያወራላት ስለነበር አዲስ መኪና ያለ ዘርጋ የሚገዛ አይመስላትም። መርካቶ መጋረጃ እየሸጠች በራሷ ላብ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው፤ ነጯን መኪና ከልቧ ፈልጋታለች። ዘርጋ በትሩን ይዞ ኮፍያውን ደፍቶ መጣ።

ሻጩ ልጅ "ፋዘር፣ ዋጋው ፊክስድ ነው" ሲለው ዘርጋ ነፍስ ዘራ። በኤሌክትሪክ እንጂ ቤንዚን አትጠጣም? ታዲያ ምን በልታ ነው የምትሄደው አለ። ይህን ያህል መስታወት ለምንድን ነው፣ ነጭ ደግሞ የአምቡላንስ መልክ ነው፣ ድምፅ የላትም፣ ሰው ስትገጭ ምን ብላ ታስጠነቅቃለች አለ። ልጁ ሳቀ፤ ስልክ ደውሎ ትንሽ አስቀነሰ፤ የእግር ምንጣፉንም መረቀ። እኔ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ በተከፈተው በር እሰማለሁ፤ የድሮው ወንድሜ ተመልሷል። ከዚያ ልጁ በቃ ከዚህ አልወርድም አለ። ዘርጋ በትሩን ይዞ ተነሳና "ህይወት፣ ተነሺ፣ እንሂድ" አላት።

ወደ በሩ ሄደ። በሩ ሰው ሲቀርበው ራሱ የሚከፈት ነው። ተከፈተለት። ዘርጋ አልወጣም። በሩ ተዘጋ፤ ፈቀቅ ሲል ተከፈተ፤ አሁንም አልወጣም። ህይወት ከኋላው ቆማ ግራ ገብቷት ታየዋለች። እኔ ግን ገብቶኝ ከመኪናው ወረድኩ። ዘርጋ ዞሮ መጣና አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ በትሩን በጉልበቱ መሃል ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"አስካለ" አለኝ። "ያን መስቀል መንገሻን ሂድ ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ አይደል? ለምነሽው ነው የመጣው።"

ይህን ሁሉ ዘመን በየመስቀሉ የሚመርቀኝ ለካ ከምሩ ኖሯል። ያስታመመውም፣ የቀበረውም፣ መንገሻ በኔ ልመና ብቻ የታረቀው መስሎት ነው። አልተቀየመህም ማለት እችል ነበር፤ ቀላል ነበር፤ ግን ዘርጋ ውሸት ከሩቅ የሚያውቅ ነጋዴ ነው።

"ተቀይሞህ ነበር" አልኩት። "ክረምቱን ሙሉ። እኔ ግን አልላክሁትም፤ እናቴ ዘንድ ነበርኩ፤ እናንተን ያየሁት ከበሬው ጋር ነው። ማንም አልላከው። ናፍቀኸው ነው የመጣው።"

ዘርጋ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሻጩ ልጅ ደነገጠ፤ ሽማግሌው በዋጋው ምክንያት የሚያለቅሱ መሰለው። እየሮጠ ውስጥ ገብቶ አለቃውን አመጣ፤ አለቃውም አይቶን ለህይወት በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት። ህይወት ወደኛ መጥታ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ባሉት ዋጋ ተስማምተዋል፣ ቀንሰውልኛል አለችው። ዘርጋ የሰማት አይመስለኝም። ኮፍያውን ከፊቱ ላይ አንስቶ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

"ናፍቄው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "ናፍቀኸው።"